የእማዬ ጉልበትና «ያቺ መርፌ»

ዘንድሮ ጾም ላይ እማዬ ስግደት አቃታት። ጉልበቷ ከታጠፈ አይዘረጋም፣ ከተዘረጋ አይታጠፍም። ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ጉልበቷ ውስጥ መርፌ ተወጋች። በሳምንቱ ደረጃውን ያለ ድጋፍ ወጣች። «ዳንኩ እኮ!» አለች።

ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። በተወጋች ማግስት ስኳሯ 300 አልፎ ነበር። የስኳር ታማሚ መሆኗን ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም አልተናገርንም።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋው ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ነው። ስኳርን ለቀናት ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የተቆጣውን መገጣጠሚያ ያበርዳል፤ ያለቀውን ካርቲሌጅ ግን አይመልስም። እፎይታውም ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ነው። (ፋርማሲ ጎራ ብለን መቀመጫችን ላይ የምንወጋው ዲክሎፌናክ ሌላ ነው። እሱ ማስታገሻ ነው፤ ሲደጋገም ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።)

ታዲያ ለምን በየጊዜው አንወጋም? እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት 140 የጉልበት ታማሚዎችን ለሁለት ዓመት ተከታተለ። ግማሾቹ በየ12 ሳምንቱ ስቴሮይድ፣ ግማሾቹ ጨው ያለው ውሃ ብቻ ተወጉ። በመጨረሻ የሕመም ልዩነት አልታየም። ስቴሮይድ የወሰዱት ግን ካርቲሌጃቸው የበለጠ ሳስቶ ተገኘ።

ወገብም ላይ ተአምር የለም። መርፌው በዋናነት የሚረዳው ነርቭ ተነክቶ ሕመሙ ወደ እግር ሲወርድ ነው፤ ያውም ለአጭር ጊዜ። ለተራ የወገብ ሕመም የእንግሊዝ የጤና መመሪያ መርፌ አይመክርም።

ኢኮኖሚክስ ስላጠናሁ ይሆናል፣ መርፌውን እንደ ብድር ነው የማየው። ብድር መጥፎ አይደለም፤ ጥያቄው ምን ሠራህበት ነው። ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜ የጭን ጡንቻ ካልተጠናከረ ሕመሙ ሲመለስ ሌላ ብድር ፍለጋ ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ ይዛችሁ ስትሄዱ ዝም አትበሉ። የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? እስካሁን ስንት ጊዜ ተወግቷል? ስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ። ከመርፌው በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ቦታው ቀልቶ እያበጠ ከሄደ፣ «ነገ ይሻለዋል» ሳትሉ በዚያው ቀን ተመለሱ።

እማዬ አሁን ጠዋት ጠዋት ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ ትዘረጋለች፤ አምስት ቆጥራ ታወርዳለች። ሲያማት «ያቺን መርፌ ብቻ…» ትለኛለች።

«እሺ እማ፣ ሐኪሙን እንጠይቃለን» እላታለሁ። «መጀመሪያ ግን ስኳርሽን እንለካ።»