ሉሕና ስልክ፦ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ለሚያስተምሩ ኡስታዞች ስለ ዲጂታል መሣሪያና ስለ ልዩ ልዩ የማስተማር ስልቶች

መግቢያ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ 75 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ዳባትን፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ደግሞ ደባርቅን ያገኛል። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ይወርዳል። ይህ መሥመር የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች ወደ ትግራይና ወደ ምጽዋ ሲመላለሱ የኖሩበት ስለሆነ፣ እስልምና በዚህ ደጋ ያለው ታሪክ የቆየ ነው። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የነበረች ግጭ የምትባል መንደር ነበረች። ፓርኩ በእኤአ 1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። ቅርሱን ለመታደግ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የሆኑ የግጭ አባወራዎችን ወደ ደባርቅ ማዛወር ነበር፤ በእኤአ 2017ም ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ይህን ታሪክ በመግቢያችን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከብት እየጠበቀ የተማረውን አንቀጽ በቃሉ ሲደጋግም የዋለ የአባት ልጅ፣ ዛሬ በአስፋልት ዳር ስልክ ይዞ ያድጋል። አባቱ ያወቀው አንድ ሸይኽ፣ አንድ ሉሕ፣ አንድ ድምፅ ነበር። ልጁ ግን በአንድ ሌሊት የአሥር ቃሪኦችንና የአሥር ዳዒዎችን ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ ለኡስታዙና ለኢማሙ የሚቀርበው ጥያቄ ስልኩ ይግባ ወይስ አይግባ የሚል አይደለም፤ ስልኩ አስቀድሞ ገብቷል። ጥያቄው ስልኩ የደረሳውን ትምህርት እንዲያግዝ እንዴት እናድርገው፣ ምን ምን ነገርስ ለስልክ አሳልፈን መስጠት የለብንም የሚለው ነው።

ልዩ ልዩ ስልት ሱና ነው

የማስተማሪያ ስልትን መለዋወጥ ከውጭ የመጣ አዲስ ፈሊጥ የሚመስላቸው አሉ። የሐዲስ ኪታቦችን ላስተዋለ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰውን ምኞትና አጀሉን ለማስረዳት በመሬት ላይ አራት ማዕዘን ሥለው፣ በመካከሉ ወደ ውጭ የሚያልፍ መሥመር፣ በጎኑም ትንንሽ መሥመሮች እንዳሰመሩ በቡኻሪ ተዘግቧል። ይህ በሥዕል ማስተማር ነው። ሰዎች ሶላታቸውን አይተው እንዲማሩ ሚንበር ላይ ቆመው ሰግደዋል፤ ለሱጁድም ወርደዋል። ይህ በተግባር ማሳየት ነው። ቅጠሏ የማይረግፈውና የሙእሚን ምሳሌ የሆነችው ዛፍ የትኛዋ እንደሆነች ሶሓቦቻቸውን ጠይቀው፣ ካሰላሰሉ በኋላ ተምር መሆኗን ነግረዋቸዋል። ይህ በጥያቄ ማስተማር ነው። ሶላቱን ላበላሸው ሰው ወዲያው መልሱን አልነገሩትም። ሦስት ጊዜ ተመልሶ እንዲሰግድ አዘዙት፤ አለማወቁን ራሱ አውቆ አስተምሩኝ ባለ ጊዜ ግን ደረጃ በደረጃ አስተማሩት። ኢብኑ መስዑድም (ረ.ዐ.) ሰዎች እንዳይሰለቹ በማለት ተግሣጻቸውን በሳምንት አንድ ቀን፣ በሐሙስ፣ ይወስኑ ነበር።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ መርሕ እናገኛለን። ስልቱን የሚወስነው የሚማረው ሰውና የትምህርቱ ዓይነት ነው። ለሒፍዝ የሚስማማው ለፊቅህ፣ ለፊቅህ የሚስማማውም ለነሕው ላይስማማ ይችላል። መሣሪያ የሚመረጠው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።

የሉሑ ጥበብ

በሀገራችን የቁርኣን ቤትና የኪታብ መጅሊስ ሥርዓት ውስጥ ዘመናዊው የትምህርት ሥነ ዘዴ ዛሬ የሚያወድሳቸው ነገሮች አሉ። ደረሳው በሸይኹ ፊት ለብቻው ይቀራል፤ የቀራውን ሳያውቅ ወደሚቀጥለው አያልፍም፤ የቀደመው ለኋለኛው ያስተምራል። ሉሑ የሚታጠበው የተጻፈበት በልብ ሲገባ ነው። እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይጓዛል እንጂ በአንድ ክፍል ደወል አይነዳም።

ስለ ሙራጀዓም ቢሆን ሊቃውንቱ በልኬት ተናግረዋል። ኢማም ዘርኑጂ ተዕሊሙል ሙተዐሊም በተሰኘው ኪታባቸው ደረሳው የትናንቱን ትምህርት 5 ጊዜ፣ የትናንት በስቲያውን 4 ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ያለውን 3 ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ያለውን 2 ጊዜ፣ ከዚያም በፊት ያለውን 1 ጊዜ እንዲደግም ይመክራሉ። እንዲህ ሲሆን አንድ ትምህርት በአምስት ቀን ውስጥ 15 ጊዜ ይደገማል ማለት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ተከምሮ ሳይሆን ተበታትኖ። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በእኤአ 1885 ባሳተመው ጥናቱ ሰው የተማረውን በፍጥነት እንደሚረሳና በየጊዜው ተከፋፍሎ የሚደረግ ድግግሞሽ ግን እንደሚያጸናው አሳየ። በ2006 የታተመ የሮዲገርና የካርፒኪ ጥናት ደግሞ ጽሑፍን ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ መጽሐፉን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ አብልጠው እንደሚያስታውሱ አረጋገጠ። ይህም ሸይኻችን «ኪታቡን ዝጋና ንገረኝ» የሚሉበትን ጥበብ ያብራራል።

እንግዲህ ስልኩ ሉሑን ሊተካ አይመጣም። የሚያስፈልገው ሉሑ በማይደርስበት ቦታ ነው። ያ ቦታ የት እንደሆነ ደግሞ በሦስት የትምህርት ዓይነቶች እንመልከት።

ተጅዊድ፦ የአማርኛ አፍና የዐረብኛ ፊደል

አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ልጅ ቁርኣን ሲጀምር የሚገጥመው ችግር የታወቀ ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ በጽሕፈት ቢለዩም በንግግር አንድ ሆነዋል፤ አ እና ዐም እንዲሁ። ስለዚህ ልጁ ሓእን ከሃእ፣ ዐይንን ከሀምዛ ለመለየት ጆሮው አልተዘጋጀም። ሣእን እንደ ስ፣ ዛልን እንደ ዝ ያወጣቸዋል፤ ምላሱን ወደ ጥርሱ ጫፍ ማድረስ አልለመደምና። ከሁሉ የሚሰውረው ግን ጣእ፣ ሷድና ቃፍ ናቸው። አማርኛ ጠ፣ ጸ እና ቀ ስላሉት ልጁ የሚያውቃቸው ይመስለዋል። የአማርኛዎቹ ግን በጉሮሮ መዘጋት ተይዘው የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። የዐረብኛዎቹ ጣእና ሷድ የሚወጡት የምላስ ጀርባ ወደ ላንቃ ከፍ ብሎ ድምፁ ሲወፍር ነው፤ ቃፍም ከምላስ ሥር ከእንጥል አጠገብ ይወጣል። አስተማሪው ራሱ አማርኛ ተናጋሪ ከሆነ ስሕተቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፍ ይችላል።

ስልክ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሸይኽ መሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ መላውን ቁርኣን በሐፍስ ሪዋያ በድምፅ ቀርጸው በእኤአ 1961 ለሕዝብ ካበቁ ወዲህ የቃሪኦች ቅጂ በዓለም ተሠራጭቷል። ሸይኽ ሙሐመድ ሲዲቅ አል-ሚንሻዊ ቀርተው ሕፃናት የሚደግሙበት ቅጂም ለጀማሪ እጅግ የተመቸ ነው። ማዳመጥ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ጆሮ የለመደውን ስለሚሰማ ልጁ ተሳስቶ ሳለ ትክክል ያወጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ሥራው በአራት እርከን ቢሄድ ይበጃል። በመጀመሪያ ደረሳው አንዱን አንቀጽ ከቃሪኡ ይስማ። ቀጥሎ ራሱ ቀርቶ ድምፁን በስልኩ ይቅረጽ። ከዚያ ሁለቱን አከታትሎ አዳምጦ የተለያዩበትን ቃል በሉሑ ላይ ምልክት ያድርግ። በመጨረሻም በኡስታዙ ፊት ይቅራ። ኡስታዙ ያን ጊዜ ልጁ ምልክት ያደረገበትን ብቻ ሳይሆን ያልሰማውንም ስሕተት ያርማል። ቁርኣን ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ አማና ነውና የመጨረሻው ቃል የኡስታዙ ነው።

ፊቅህ፦ ከብርዱ ሀገር የሚነሣ መስአላ

ፊቅህ በሒፍዝ ብቻ ሲሰጥ ደረሳው ማዕዘናቱን ይቆጥራል፤ በሕይወቱ ግን ሲገጥመው አያውቀውም። የሰሜን ደጋ ብርድ ራሱ አስተማሪ ነው። ኡስታዙ መስሑን ሲያስተምር ትርጓሜውን ከማስቀራቱ በፊት እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመስላል? «አንድ እረኛ ሱብሒን በውዱእ ሰግዶ፣ ውዱኡ ሳይፈርስ ኹፉን አጥልቆ ወደ ግጦሽ ወጣ። ዙህር ላይ ውዱኡ ፈርሷል። እግሩን ይጠብ ወይስ ያብስ? እስከ መቼስ ይፈቀድለታል?» ደረሳዎቹ በሦስት በሦስት ሆነው ይምከሩ፤ መልሳቸውን ከምክንያቱ ጋር ይናገሩ። ከዚያ በኋላ ኪታቡ ሲከፈት ለነዋሪ አንድ ቀን ከሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከሌሊቶቻቸው ጋር የሚለው ድንጋጌ የሚጠብቁት መልስ ሆኖ ይመጣል። ተየሙም ላይ ሲደረስም ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በብርዳም ሌሊት በጃናባ ሳሉ ያደረጉት ታሪክ ለደባርቅ ልጅ ሩቅ ወሬ አይሆንበትም።

ለውዱእና ለሶላት አፈጻጸም አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል ይጠቅማል፤ ከሁሉ የተሻለው ግን ኡስታዙ ራሱ በሚያስቀራው መዝሀብ መሠረት ያዘጋጀው ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣ ምስል የመዝሀብ ልዩነት ቢኖርበት ልጁ የአባቱን ሶላት ስሕተት ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከዚህም ክርክር ይወለዳል።

ነሕውና ትርጉም

በነሕው አጅሩሚያን በቃሉ ያወረደ ደረሳ ብዙ ጊዜ አንዲት አዲስ ዓረፍተ ነገር ኢዕራብ ማድረግ ይቸግረዋል። እዚህ ላይ ስልክ እምብዛም አያስፈልግም። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ፣ ወይም በወረቀት ቁራጭ የተጻፉ ቃላትን እያዟዟሩ አረፍተ ነገር ማሠራት ይበልጣል። መሣሪያ ስላለ ብቻ መጠቀም ተገቢ አለመሆኑን ማወቅም የአስተማሪ ብልሃት ነው። ለትርጉም ግን በ1961 ዓ.ም. በሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና በሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ የታተመውን የአማርኛ ትርጉም ከመሰሉ ሥራዎች ጋር አያይዞ ደረሳው የሐፈዘውን በራሱ አማርኛ እንዲናገር ማድረግ ያስፈልጋል።

ኔትወርክ በሌለበት

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። ትምህርቱን በሙሉ በቴሌግራም ላይ የመሠረተ ኡስታዝ ያን ጊዜ ትምህርቱ ቆመ። ስለዚህ በእኛ አካባቢ የሚዘጋጅ ማንኛውም ዲጂታል ትምህርት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መሆን አለበት። የድምፅ ፋይል በሚሞሪ ካርድ ይቀመጣል፤ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይሻገራል። ትምህርቱ ከአሥር ደቂቃ ባይበልጥ፣ የፋይሉ ስምም የኪታቡን፣ የምዕራፉንና የትምህርቱን ተራ ቁጥር ቢይዝ ደረሳው ሳይጠፋበት ያገኘዋል። ባትሪ ከተንቀሳቃሽ ምስል ይልቅ ለድምፅ እንደሚበረክትም መዘንጋት የለበትም።

ሁሉም ደረሳ ስልክ የለውም፤ ሁሉም በየቀኑ አይመጣም። ለዚህም ቀዳሚ አለን። ዑመር (ረ.ዐ.) ከአንሷሪ ጎረቤታቸው ጋር ተራ እየገቡ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ይገኙ፣ የተገኘውም የሰማውን ለቀረው ይነግር ነበር። በእረኝነትና በገበያ ምክንያት የሚቀሩ ልጆችን ሁለት ሁለት አድርጎ ማጣመር፣ የተገኘው ቀረጻውን ይዞ ሄዶ ለጓደኛው ራሱ እንዲያስረዳ ማድረግ፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ ሁለቱንም ያስተምራል። ከቤት ርቀው መሄድ ለማይችሉ ሴት ልጆችም ቀረጻው የትምህርቱን በር ይከፍታል፤ ሆኖም የሚያዳምጣቸው ሙዐሊማ ወይም የተማረ መሕረም ካልተመደበ ማዳመጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መጠንቀቅ የሚገባን

በሀገራችን ከዚህ በፊት አንድ ትምህርት ሰጪ ተሞክሮ አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የተሰጠው የፕላዝማ ትምህርት ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ነገር ግን ስርጭቱ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ላልገባው ተማሪ ቆሞ አይጠብቅም፤ መምህሩም ከአስተማሪነት ወደ ተመልካችነት ወረደ የሚል ትችት ቀረበበት። እኛም ልጆቹን በምስል ፊት አስቀምጠን ዞር ካልን ያንኑ እንደግማለን። ኡስታዙ በማንኛውም ሰዓት አቁሞ «እስካሁን ምን ሰማችሁ?» ማለት የሚችልበት መሣሪያ ብቻ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ምንጭ ነው። ዒልም በሰነድ የሚያዝ ነገር ነው። ደረሳው ከስልክ ያመጣውን ፈትዋ ኡስታዙ በቁጣ ቢመልሰው ልጁ መስማቱን አይተውም፤ መንገሩን ብቻ ይተዋል። ይልቅስ ተናጋሪው ማን ነው፣ ከማን ተማረ፣ ንግግሩ ከየት ላይ ተቆረጠ፣ ማስረጃው በየትኛው ኪታብ ነው የሚሉትን አራት ጥያቄዎች ማስለመድ ይሻላል። ሦስተኛው ስለ ልጆቹ ክብር ነው። ለትምህርት የተቀረጸ የልጅ ድምፅ ወይም ምስል ያለ ወላጅ ፈቃድ ወደ አደባባይ አይወጣም፤ የተሳሳተበት ቀረጻም መሳለቂያ አይሆንም።

ማጠቃለያ

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ መስጂድ አንድ ስልክና አንድ ሚሞሪ ካርድ ይዞ፣ በአንድ ወር አንድ አጭር ሱራ መርጦ፣ ከላይ በተገለጸው አራት እርከን ሊሞክረው ይችላል። በወሩ መጀመሪያ የተቀረጸውን የደረሳውን ድምፅ ከወሩ መጨረሻው ጋር ማስተያየት ትርፉን በግልጽ ያሳያል፤ ትርፍ ከሌለውም ስልቱን ለመለወጥ ማስረጃ ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቁርኣንን የያዘ ሰው የታሰረ ግመል እንዳለው ሰው መሆኑን፣ ከጠበቀው እንደሚቆይለት፣ ከለቀቀው እንደሚሄድበት አስተምረዋል። ሉሑም ስልኩም የማሰሪያው ገመድ ናቸው። ገመዱን የሚይዘው እጅ ግን የደረሳው ነው፤ አያያዙንም የሚያሳየው ኡስታዙ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) የምናስተምረውን ጠቃሚ ዒልም ያድርግልን።