የማታ ተማሪው የትምህርት ገንዘብ ከየት ይገኛል?

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች፣ የጌዴኦ ቡና ተሰብስቦ ወደ ገበያ የሚጓዝባት የንግድ ከተማ መሆኗ ለአንባብያን የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን ቀን በቡና መጋዘን፣ በሱቅና በጽሕፈት ቤት ሲደክሙ ከዋሉት ሠራተኞች መካከል ጥቂት የማይባሉት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ማታ ትምህርት እንደሚሄዱ እያንዳንዱ ቀጣሪ ያስተውለው ይሆን? የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ እነዚህ ሠራተኞች የጀመሩትን ትምህርት በገንዘብ ማጣት ምክንያት እንዳያቋርጡ የሚረዱባቸውን መንገዶች ማመልከት ነው።

የጎልማሶች ትምህርት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ የጌዴኦ ቋንቋ ከነዚሁ አንዱ ነበረ። ዛሬ ግን የብዙው ጎልማሳ ፍላጎት ፊደል ከመቁጠር አልፎ የሂሳብ አያያዝን፣ የንግድ አስተዳደርንና የሌላውንም ሙያ ዕውቀት እስከ ዲግሪ ድረስ መከታተል ሆኗል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው የዛሬው ዲላ ዩኒቨርሲቲ በከተማይቱ በመኖሩ፣ ተማሪው ሥራውንና ቤተሰቡን ትቶ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገውም። የመንገዱ ርቀት ተወግዷል፤ የቀረው የክፍያው ጉዳይ ነው።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው መርሐ ግብር የሚማር ወጣት የወጪውን ድርሻ ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከገቢው ላይ ቀስ በቀስ እንዲከፍል ተፈቅዶለታል። የማታና የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ግን ክፍያውን የሚፈጽመው ሲመዘገብ ነው። እንግዲህ የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ያለበት ሠራተኛ ገንዘቡን አስቀድሞ እንዲያወጣ ይገደዳል ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን በሂሳብ ጸሐፊነት የሚሠራ ሰው እናስብ። በቡና ለቀማ ወራት፣ ማለትም ከጥቅምት ጀምሮ ባለው ጊዜ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስለሚያገኝ ያለ ችግር ይመዘገባል። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲደርስ ግን የመኸሩ ገንዘብ አልቋል፤ የመጋዘኑም ሥራ ቀዝቅዟል። በዚህ ጊዜ ትምህርቱን ቢያቋርጥ እስከዚያ የከፈለው ሁሉ ያለ ፍሬ ይቀራል። አሠሪውም ነገ መዝገቡን በሚገባ ሊይዝለት የሚችለውን የታመነ ሰው በጥቂት ብር ምክንያት ያጣል። ጉዳቱ የሁለቱም ነው።

የመጀመሪያው በር ራሱ አሠሪው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ልዩ ፈቃድ በሚናገርበት ክፍል፣ የትምህርት ፈቃድ አሰጣጥና የገንዘብ ርዳታው መጠን በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ የሚወሰን መሆኑን ያመለክታል። ሕጉ በሩን ከፍቶ ቁልፉን ለእኛ ትቶልናል ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ሠራተኛው ርዳታን እንደ ምጽዋት በጓሮ ከሚለምን፣ ነጋዴውም እንደ ፊቱ መልካምነት ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው ከሚነፍግ፣ ነገሩ በጽሑፍ ቢሰፍር ለሁለቱም ክብር ነው።

በጽሑፉም ውስጥ እነዚህ አራት ነገሮች ቢገለጹ መልካም ነው፤ ይኸውም የሚረዳው ማን እንደ ሆነ፣ ርዳታው የክፍያው ስንት እጅ እንደ ሆነ፣ ተማሪው ቢወድቅ ወይም ቢያቋርጥ ምን እንደሚሆን፣ ከተመረቀም በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ናቸው። ርዳታው በብድር መልክ ከሆነ፣ ከደመወዝ ላይ ለመቀነስ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ይፈለጋል። በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ጠቅላላ ገንዘብም ከወር ደመወዙ ከሦስት እጅ አንዱን እንዳያልፍ ይኸው አዋጅ ይከለክላል። ገንዘብ ለማውጣት አቅም የሌለው ነጋዴ ደግሞ ሠራተኛው በፈተና ሰሞን ከሥራ ቀደም ብሎ እንዲወጣ ቢፈቅድለት ትንሽ ርዳታ አይደለም።

ሁለተኛው በር የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ በ1844 ማኅበር ያቋቋሙት ድኾች ሸማኔዎች፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከትርፋቸው ከመቶ ሁለት ተኩል ለትምህርት እንዲውል በደንባቸው ወሰኑ። ትምህርት እስከ ዛሬም ከዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ መርሖች አንዱ ሆኖ ይኖራል። በእኛም ዘንድ የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2002 ጀምሮ የጌዴኦን ገበሬዎች ማኅበራት አስተባብሮ ይሠራል። በፌርትሬድ ምስክር ወረቀት ለሚሸጥ ቡና፣ ከ2011 ጀምሮ በዚያው አቆጣጠር፣ ከዋጋው በላይ በየፓውንዱ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ይታከላል፤ አጠቃቀሙንም የሚወስኑት አባሎቹ በጉባኤያቸው ናቸው። እንግዲህ አባል የሆነ ገበሬ ወይም ልጁ በማታ የሚማር ከሆነ፣ ጉዳዩን በጉባኤ ለማንሣት ሊያፍር አይገባውም፤ የማይጠይቅ አባል የሚመልስለት የለምና።

ሦስተኛው በር ዕቁብና የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። አሥራ ሁለት የሥራ ባልደረቦች በየወሩ 1,000 ብር ቢያዋጡ፣ ባለ ዕጣው 12,000 ብር በአንድ ጊዜ ያገኛል፤ ወለድም የለበትም። ዋናው ነገር ተማሪው አስቀድሞ ከዕቁቡ ዳኛና ከአባሎቹ ጋር ተስማምቶ ተራው በምዝገባው ወር እንዲደርሰው ማድረጉ ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል የሆነም እንደ ሆነ፣ መበደር የሚቻለው በአብዛኛው አስቀድሞ ለቆጠበ ሰው ነውና፣ ቁጠባውን ትምህርቱን ከመጀመሩ ከብዙ ወራት በፊት ይጀምር።

ከዚህም ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ እናክላለን። ማንም ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ኮሌጁ በዚያ የትምህርት ዓይነት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን ይጠይቅ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ስለ ተደረገ፣ ርካሽ ነገር ግን ደካማ ትምህርት በመጨረሻው ውድ ሆኖ ይገኛል። ክፍያው በየወሩ ተከፋፍሎ ሊፈጸም ይችል እንደ ሆነም መጠየቅ ነውር የለበትም።

የተከበራችሁ ነጋድያን! የቡና ዋጋ ዛሬ ይወጣል፣ ነገ ይወርዳል፤ በሠራተኛው ጭንቅላት ውስጥ የገባ ዕውቀት ግን የገበያ መውረድ አይነካውም። ስለዚህ የሚመጣው መኸር ገንዘብ ወደ ካዝናችሁ ከመግባቱ በፊት፣ ከሠራተኞቻችሁ ማን በማታ እንደሚማር ጠይቁ፤ በሥራ ደንባችሁም ውስጥ አንዲት አንቀጽ ጨምሩ። ያች አንቀጽ ለአንድ ሰው የምረቃ ቀን፣ ለእናንተም የታመነ የሂሳብ ሹም ልታስገኝ ትችላለች።