ድምፁን የሚያበላሸው ስፒከሩ ነው ወይስ ክፍሉ?

በሪያድ ከተማ እምብርት የሚገኘው የሙረባዕ ሰፈር ስሙ በዐረብኛ «አራት ጎኑ እኩል የሆነ» የሚል ትርጉም አለው። ቃሉ ለአማርኛ ጆሮም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ የግእዙ «ርቡዕ»፣ የአማርኛው «አራት» እና «ረቡዕ» ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው። ስሙ ለዛሬው ርእሳችንም ጥሩ መነሻ ይሆነናል። በቤቱ ሙዚቃ ለማድመጥ ለሚሻ ሰው፣ አራት ጎኑ እኩል የሆነ ክፍል ከአስቸጋሪዎቹ ክፍሎች ሁሉ ቀዳሚው ነውና።

ከሙረባዕ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ በሚገኘው የበጥሓ ገበያ ብዙ ወገኖቻችን ከወር ደመወዛቸው ቆጥበው ስፒከር ይገዛሉ። በሱቁ ውስጥ ጥርት ብሎ የተሰማው ዕቃ ቤት ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ቤዙ ያጓራል፣ የዘፋኙ ቃል ይደበዝዛል። ገዢው ዕቃው እንዳታለለው ያምንና ለሚበልጥ ስፒከር እንደገና መቆጠብ ይጀምራል። ይሁን እንጂ ጥፋቱ በአብዛኛው የዕቃው ሳይሆን የክፍሉ ነው። በመሆኑም ወደ ቤተሰብ ሊላክ የሚችል ገንዘብ ለሁለተኛ ስፒከር ከማዋል በፊት፣ ያለውን ስፒከር ከቦታው ማንቀሳቀስ ብልህነት ነው።

ግድግዳ ድምፅን እንዴት ያጎላል፣ እንዴትስ ያጠፋል?

ድምፅ በአየር ውስጥ በሞገድ ይጓዛል። የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ነው። ቀጭን ድምፅ አጭር ሞገድ ሲኖረው፣ ወፍራም ድምፅ ግን የብዙ ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ አለው። የአንድ ሞገድ ርዝመት የክፍሉን ርዝመት እጥፍ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የሚመላለሰው ድምፅ ራሱን በራሱ እየደገፈ ይጎላል።

በምሳሌ እንመልከተው። ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል 8 ሜትር ርዝመት ያለውን ሞገድ ያጎላል፤ ይህም በሰከንድ 43 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ማለትም የ43 ሄርዝ ድምፅ ነው። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ሄርዝ ገደማ ስለሚሰማ፣ ጊታረኛው ወደዚያ ክር በወረደ ቁጥር ክፍሉ አብሮት ያጓራል። ይኸው ድምፅ በግድግዳዎቹ አጠገብ እጅግ ጠንክሮ ሲሰማ፣ በክፍሉ መካከል ለተቀመጠ ሰው ግን ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሁለት ጓደኛሞች፣ አንዱ «ቤዙ በዛ»፣ ሌላው «ቤዝ የለውም» እያሉ የሚከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አሁን ወርዱም 4 ሜትር ነው እንበል። ርዝመቱ ያጎላውን ድምፅ ወርዱም በድጋሚ ያጎላዋል። ወርዱ 4 ሜትር ሆኖ ርዝመቱ 5 ሜትር ቢሆን ኖሮ፣ አንደኛው 43 ሄርዝን፣ ሁለተኛው 34 ሄርዝን ስለሚያጎላ ጫናው ይከፋፈል ነበር። ካሬ ክፍል የሚወቀሰው ስለዚህ ነው። ሰፊ አዳራሽም እንዲህ ያሉ የሚጎሉ ድምፆች አሉት፤ ነገር ግን እጅግ ተቀራርበው ስለሚደራረቡ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ጆሮን አይረብሽም። በጠባብ ክፍል ግን እያንዳንዱ ለብቻው ጎልቶ ይወጣል።

ባዶ ክፍልና የተነጠፈ ክፍል

ሁለተኛው ችግር የቃላት መደበላለቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን፣ ንግግር የማይሰማበትን አንድ የማስተማሪያ አዳራሽ መፍትሔ እንዲያበጅለት ተጠየቀ። በአዳራሹ የተነገረ ቃል 5 ሰከንድ ተኩል ያህል እያስተጋባ ይቆይ ነበር። ሳቢን ከሌላ ቲያትር ቤት የመቀመጫ ትራሶችን እያመጣ በሌሊት ሲሞክር፣ ትራሱ በበዛ ቁጥር ማስተጋባቱ እያጠረ ሄደ። ከዚህ ሙከራ የተገኘው ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራበታል፦ የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ይባዛል፤ ከዚያም ድምፅ በሚውጠው ስፋት ይካፈላል።

ወርዱና ርዝመቱ 4፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳውና ጣሪያው ስሚንቶ የሆነ ባዶ ክፍል ብንወስድ፣ ይዘቱ 48 ሜትር ኩብ፣ የገጽታዎቹ ድምር 80 ካሬ ሜትር ነው። ገጽታዎቹ ከሚያርፍባቸው ድምፅ ከመቶ 3 እጁን ብቻ ቢውጡ፣ ድምፁ ለመጥፋት 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ምንጣፍ፣ ፍራሽና ወፍራም መጋረጃ ገብቶ የሚዋጠው ድምፅ ከመቶ 15 እጅ ቢደርስ ግን ወደ 0.6 ሰከንድ ይወርዳል። ያው ስፒከር፣ ያው ዘፈን ሆኖ ቃሉ ተለይቶ ይሰማል።

ይህን ለመረዳት በሰፈሩ የሚገኘውን የሙረባዕ ቤተ መንግሥት መጎብኘት ይጠቅማል። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ከሪያድ የቀድሞ ቅጥር ውጭ ያሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1938 የገቡበት ይህ ሕንፃ፣ ዛሬ በ1999 የተከፈተው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ታሪካዊ ማዕከል አካል ነው። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ነው፤ በጭድ የተለወሰው ጭቃ የአገራችንን የገጠር ቤት ያስታውሳል። ጭቃው ብቻውን ብዙ ድምፅ አይውጥም። በባህላዊ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ጨዋታን ለጆሮ የሚያለሰልሱት መሬት ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ፣ በግድግዳው ዙሪያ የተደረደረው መደገፊያና በጣሪያው የተጋደሙት፣ ድምፁን ወደየአቅጣጫው የሚበትኑት እንጨቶች ናቸው።

ስፒከሩን የት እናኑረው?

በገበያ የሚጠራው የዋት ቁጥር ብዙዎችን ያሳስታል። ኃይሉ እጥፍ የሆነ አምፕሊፋየር የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም 10 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በአንጻሩ ስፒከርን ወደ ግድግዳ ማስጠጋት ለወፍራም ድምፅ እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል፤ ያውም ያለ ምንም ወጪ። እንግዲህ ቤዙ ለሚያንስ ትንሽ ስፒከር ግድግዳ ረዳቱ ነው፤ ቤዙ ለሚያጓራ ትልቅ ስፒከር ግን ጠላቱ ነው። ማዕዘን ላይ ሁለት ግድግዳዎችና ወለሉ ስለሚገናኙ ጭማሪው ከሁሉም ይበረታል።

ሁለት ስፒከር ያለው ሰው የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ይሞክር። በመጀመሪያ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዱ እስከ አድማጩ ያለው ርቀት እኩል ይሁን። ሁለተኛ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክብ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ይዋል። ሦስተኛ፣ አንዱ ስፒከር ማዕዘን ውስጥ ተወሽቆ ሌላው በክፍት በር አጠገብ አይቁም፤ ከጎን ግድግዳዎች ያላቸው ርቀት ይመሳሰል። አራተኛ፣ አድማጩ ከክፍሉ መካከልም ከኋላ ግድግዳም ይራቅ፤ በ4 ሜትር ክፍል ከኋላ ግድግዳ 1 ሜትር ተኩል ያህል ፈቀቅ ብሎ መቀመጥ መልካም ነው።

ከዚህ በኋላ ጓደኛዎ መስታወት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ ያንሸራት። ከመቀመጫዎ ሆነው ስፒከሩን በመስታወቱ ውስጥ ያዩበት ቦታ፣ ድምፁ ነጥሮ ወደ እርስዎ የሚመጣበት ስለሆነ፣ ወፍራም መጋረጃ ወይም ምንጣፍ ይስቀሉበት። ሳብዉፈር ካለዎት ለጊዜው በመቀመጫዎ ላይ አኑረው ሙዚቃ ይክፈቱና በግድግዳዎቹ ሥር ጎንበስ ብለው እየተዘዋወሩ ያድምጡ፤ ቤዙ ጥርት ብሎ የተሰማበት ስፍራ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው። አንድ ብሉቱዝ ስፒከር ብቻ ያለው ሰው ደግሞ አልጋ ላይ ከመጣል ይልቅ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ግድግዳ አስጠግቶ፣ ነገር ግን ከማዕዘን አርቆ ያኑረው።

የጎረቤትም መብት አለ

በአንድ ክፍል ሦስትና አራት ሆነው ለሚኖሩ፣ በሌሊት ሠርተው ቀን ለሚተኙ ሠራተኞች፣ የድምፅ ነገር የእንቅልፍና የሰላም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ የዋለው የሕዝብ ጨዋነት ደንብም በመኖሪያ አካባቢ ሙዚቃን ከመጠን በላይ ከፍቶ ነዋሪዎች አቤቱታ ላቀረቡበት ሰው 500 ሪያል፣ ለደገመው 1000 ሪያል መቀጮ ይጥላል። በጸሎት ጥሪ ሰዓት ሙዚቃ ማሰማት ደግሞ 1000፣ ሲደገም 2000 ሪያል ያስቀጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ምንጣፍና መጋረጃ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳሉ እንጂ ድምፁ ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር አያግዱም። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍም ጎረቤትን ከድምፅ አያድንም። ግድግዳን አልፎ የሚሄደው በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ስለሆነ፣ ሲመሽ ቤዙን መቀነስ፣ ስፒከሩን ከጋራ ግድግዳ ማራቅና ከሥሩ ወፍራም ጎማ ማድረግ ይረዳል። ስፒከሩ በትክክለኛ ቦታው ከዋለና አድማጩ በትክክለኛ ቦታው ከተቀመጠ፣ ቃሉም ዜማውም በዝግታ ተከፍቶ ይሰማል፤ ድምፁን ማስጮኽ የሚያሻው ሳይጠራ ሲቀር ነው።