የአጥንት ምትክ ቀዳዳ የሚበዛው ለምንድን ነው?

ጥርስ ለማስተከል የሄደ ሰው «መጀመሪያ የመንጋጋ አጥንትህ መሞላት አለበት» ሲባል ይደነግጣል። ከባድ ስብራት የደረሰበት፣ ወይም በዕጢ ምክንያት አጥንቱ የተቆረጠ ሰውም እንዲሁ ሊባል ይችላል። ለመሆኑ የሚሞላው ነገር ምንድን ነው?

አጥንት ሕይወት አለው። ትንሽ ሲሰነጠቅ ራሱን ይጠግናል። ክፍተቱ ሲሰፋ ግን አዲሱ አጥንት ከዳር እስከ ዳር መድረስ ያቅተዋል። ለዚህ ሐኪሞች ከራሱ ከታማሚው፣ ለምሳሌ ከዳሌው፣ አጥንት ወስደው ይሞላሉ። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሌላ ቁስል ያመጣል፤ የሚገኘውም አጥንት ጥቂት ነው። ስለዚህ «ስካፎልድ» የሚባል ጊዜያዊ ድጋፍ ተሠራ።

የጭቃ ቤት አሠራርን አስታውሱ። እንጨቱ ቆሞ ማገሩ ከታሰረ በኋላ ጭቃው በክፍተቱ እየገባ ይይዛል። ክፍተት ባይኖር ጭቃው ይረግፋል። ስካፎልድም እንዲሁ ነው፤ የአጥንት ሕዋሳትና ደም ሥሮች በቀዳዳዎቹ ይገባሉ። ልዩነቱ፣ የቤቱ እንጨት ይቀራል፤ ጥሩ ስካፎልድ ግን አዲሱ አጥንት ሲያድግ ቀስ በቀስ ሟሙቶ ቦታውን ይለቃል።

የቀዳዳው ስፋት ወሳኝ ነው። ቢያንስ 0.1 ሚሊሜትር ያህል መሆን አለበት፤ ደም ሥር በደንብ እንዲገባ ደግሞ 0.3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይመረጣል። ቀዳዳዎቹም እርስ በርስ መገናኘት አለባቸው። በር በሌለው ክፍል ማን ይገባል? ደም ያልደረሰው ሕዋስ ደግሞ ይሞታል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ሲበዛ ድጋፉ ይደክማል፤ ሲያንስ ይጠነክራል፣ ግን ደም አይደርሰውም። ቶሎ ከሟሟ አጥንቱ ሳይጠና ይፈርሳል፤ ከዘገየ ደግሞ ለአዲሱ አጥንት ቦታ ይከለክላል። ክብደት በሚሸከም እግር ላይ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የብረት ማጠናከሪያ ይታከልበታል።

ስካፎልድ የሚሠራው ካልሲየምና ፎስፌት ካለባቸው ማዕድናት፣ ከልዩ መስታወት፣ ወይም ከባሕር ኮራል ነው፤ የአንዳንድ ኮራል ቀዳዳ የሰውን አጥንት ይመስላልና። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚመራ ማተሚያ በታማሚው አጥንት ልክ ንብርብር በንብርብር ይሠራዋል።

በጥርስ ሕክምና የሚሞላው ዱቄት መሰል ነገር ግን ከላም፣ ከአሳማ፣ ከሌላ ሰው አጥንት፣ ወይም ከሰው ሠራሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት «ከምን የተሠራ ነው? ሌላ አማራጭ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ በኩፓት ሖሊም አስተርጓሚ ጠይቁ።

ስኳር ካለባችሁ፣ ደም የሚያቀጥን ወይም ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ መድኃኒት ከወሰዳችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ሲጋራ የአጥንትን መዳን ያዘገያል። አዲሱ አጥንት እስኪጠና በርካታ ወራት ሊወስድ ይችላልና ትዕግሥት ያስፈልጋል።