በገናዬ ክራር ሆነ

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ የበገና መምህር ስቱዲዮዬ መጥተው መዝሙራቸውን ቀረጽኩላቸው። ቀረጻው ያለ ችግር አለቀ። ሚክሱን ሌሊት ብቻዬን በሄድፎን ሠራሁና ጠዋት በፍላሽ ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ በገናዬ ክራር ሆነ እኮ» አሉኝ።

በልጃቸው መኪና ሰምተውታል፣ እቤታቸው ባለው ቴፕ ሰምተውታል፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስፒከርም ሰምተውታል። በሦስቱም ያው ነው፤ ቀጥኗል። እኔ ግን ሌሊቱን የሰማሁት በገና ደረት የሚያንቀጠቅጥ ነበር።

ሚክሱን የሠራሁበትን ሄድፎን የገዛሁት ከወር በፊት ነው። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቤዝ እንዳለው በደማቅ ቀለም ተጽፏል፤ ሱቅ ውስጥ አንድ ዘፈን ከፈቱበት፣ ደስ አለኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው እንዲያ መግዛት አልነበረበትም። ሄድፎኑ ወፍራሙን ድምፅ ከራሱ እየጨመረ ያሰማኛል፤ እኔ ደግሞ «በዛ» እያልኩ ከበገናው ላይ እቀንሳለሁ። የሄድፎኑን ትርፍ ከመምህሩ በገና ላይ ቆርጬ ጣልኩት ማለት ነው። ሰው ጾሙን ሙሉ ሊጸልይበት ያሰበውን ድምፅ እንደዚያ አድርጎ መስጠት እስካሁን ይከነክነኛል።

ስቱዲዮ የሚመጡ ወጣቶች ሄድፎን ሊገዙ ሲያስቡ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ቤዙ የሚመታው የቱ ነው?» ይሉኛል። ጥያቄያቸውን አልንቀውም። ቤዝ ሲመታ ደስ ይላል፤ እኔንም ወደዚህ ሙያ የሳበኝ እሱ ነው። ግን ቋንቋችን ራሱ የሚለየው ነገር አለ። ከበሮ ይመታል፣ በገና ይደረደራል። ጥሩ ሄድፎን ሁለቱንም ማድረግ አለበት። ሲመታ የሚያስደነግጠው ብዙ ነው፤ ሲደረደር አንዱን አውታር ከሌላው ለይቶ የሚያሰማው ግን ጥቂት ነው።

ይህን ለመፈተን የምጠቀምበት ቀላል ዘዴ አለኝ። ባለ አራት አውታር ቤዝ ጊታር ወስጄ አውታሮቹን ምንም ሳልይዝ በእኩል ኃይል አንድ በአንድ መትቼ ቀርጬዋለሁ። ወፍራሟ አውታር 41 ሄርዝ አካባቢ ናት፤ ቀጣዮቹ 55፣ 73 እና 98 ናቸው። ከዚያ ስህተት ወዲህ አዲስ ሄድፎን እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማሰማው ይህን ነው። አራቱም ተራ በተራ፣ በተቀራረበ ክብደት ከመጡ እቀጥላለሁ። አንዷ ከሌሎቹ ዘላ ከጮኸች፣ ወይም 41ዷ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ድብልቅልቅ ብላ ካለፈች፣ ያ ሄድፎን ሁሉንም ዘፈን በአንድ ኖታ ነው የሚያጅበው። ቤዝ ጊታር የሌለው ሰው ከ20 እስከ 200 ሄርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ በስልኩ ማጫወት ይችላል። መንገዱ ላይ ድንገት የሚያብጥ ወይም ድንገት የሚጠፋ ቦታ ካለ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጀመር ነው እንጂ።

በገና ከቤዝ ጊታርም የከበደ ፈተና ነው። አውታሩና ብርኩማው መካከል የምትገባው ትንሿ ቆዳ፣ እንዚራ የምንላት፣ አውታሩ በተነካ ቁጥር ያንን የሚነዝር ድምፅ ታወጣለች። ስለዚህ በገና ከሥር ጎርናናው መሠረት አለው፣ ከላይ ደግሞ ንዝረቱ። ቤዝ ከመጠን በላይ የተጨመረበት ሄድፎን ከሥሩ ያለውን አሳብጦ ከላይ ያለውን ይሸፍነዋል፤ ወፍራም ድምፅ ቀጭኑን መዋጥ ተፈጥሮው ነውና። መሠረቱን የማያወጣ ስፒከር ደግሞ ንዝረቱን ብቻ ያስቀራል። የሚገርመው፣ እንዲህም ሆኖ ዜማው አይጠፋም። የ41 ሄርዝ ድምፅ 82 እና 123 ላይ ቅጥያዎች ስላሉት፣ የስልክ ስፒከር ዋናውን ጨርሶ ባያወጣው እንኳ አእምሯችን ከቅጥያዎቹ ተነስቶ ኖታውን ያውቀዋል። ቅኝቱ አለ፣ ሥጋው ግን የለም። መምህሩ «ክራር ሆነ» ሲሉ ከዚህ የተሻለ ገለጻ ልሰጠው አልችልም ነበር።

«ለምን በስፒከር አልሠራኸውም?» ይባል ይሆናል። ብዙዎቻችን የምንሠራው ቤት ውስጥ ወይም ኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ የ50 ሄርዝ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። ግድግዳና ግድግዳው 3 ሜትር ከ40 በሚራራቅ ክፍል ውስጥ የሞገዱ ግማሽ ልክ ይገጥማል፤ ግድግዳው ሥር ቤዙ ያብጣል፣ ክፍሉ መሐል ይጠፋል። ወንበሬን አንድ ሜትር ባንቀሳቅስ ሌላ ሙዚቃ እሰማለሁ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ስስ ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል እንጂ ለ50 ሄርዝ ምንም አያደርግም። ከዚያ ደግሞ ጎረቤት አለ፣ ሌሊት አለ። ሄድፎን ክፍሉን ከመንገድ ያነሳልናል፤ ለዚህ ነው እሱ ራሱ እውነተኛ እንዲሆን የምንፈልገው።

ሱቅ ውስጥ ሻጮች ሄድፎኑ ውስጥ ስላለው ትንሽ ስፒከር ስፋት በሚሊሜትር ያወራሉ፤ 40 ነው፣ 50 ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልመዝንም። 10 ሚሊሜትር የማትሞላ ኤርፎን የጆሮን ቀዳዳ በደንብ ከዘጋች እስከ 20 ሄርዝ ድረስ ትወርዳለች፤ የምትገፋው አየር ትንሽና የታጠረ ስለሆነ አቅሟ ይበቃታል። ትልቁ ሄድፎን ግን በጎኑ ክፍተት ካለው ቤዙ በዚያ ቀዳዳ ይፈሳል። በሙያዬ ካየሁት ሁሉ የቤዝ ችግር የሚበዛው እዚህ ጋ ነው። መነጽር ያደረገ ሰው፣ ሹሩባ የተሠራች ልጅ፣ ኮፍያ የደፋ ወጣት፣ በሁሉም ጆሮና በስፖንጁ መሐል ቀጭን መንገድ ይከፈታል፣ ቤዙም ይቀንሳል። ኤርፎን ከካርቶኑ ጋር ሦስት መጠን ያላቸው ጎማዎች ይዞ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው መካከለኛውን እንዳለ ሰክቶ ሌሎቹን ይጥላቸዋል። ቀኝና ግራ ጆሮ የተለያየ መጠን ሊፈልጉም ይችላሉ። የድሮ ሄድፎን ቤዙ ጠፋ ብላችሁ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ስፖንጁን እዩ፤ ቆዳው ከተላላጠ ወይም ከተጨፈለቀ ስፖንጁን ብቻ መቀየር ይበቃ ይሆናል።

ሌላው ሌባ ጫጫታ ነው። የሚኒባስ ሞተር፣ የሱቅ ጄኔሬተር፣ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሲኖትራክ የሚያወጡት ጉምጉምታ ቤዙ ያለበት ሠፈር ውስጥ ነው። በዚህ መሐል የሚያዳምጥ ልጅ ቤዝ ጠፋብኝ ብሎ ቤዝ ቡስት ያበራል፣ ድምፁንም ይጨምራል። እሱ የሚያስፈልገው ጆሮውን የሚዘጋ፣ ካልሆነም ጫጫታ የሚያጠፋ ሄድፎን ነው፤ ይህ ቴክኖሎጂ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚሠራው በእነዚያ ወፍራም ድምፆች ላይ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ከሁሉ በላይ የሚያጣው ቤዙን ነው። ሱቅ ውስጥ ከሁለት ሄድፎን ጮክ የሚለው የተሻለ የሚመስለንም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስታወዳድሩ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ።

ስለ ሄድፎን ስሞች ሁልጊዜ ስለምጠየቅ የማስበውን ልናገር። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ዝግ ነው፣ ቤዙ ይወርዳል፣ ስፖንጁ ይቀየራል፤ ላይኛው ድምፁ ትንሽ ይወጋል። በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል። 250ውን ገዝቶ ስልክ ላይ የሚሰካ ሰው ቤዝ የለውም ብሎ ያማርራል፤ አምፕሊፋየር የሌለው ሰው 32ቱን ወይም 80ውን ይውሰድ። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 50 ኤክስ 38 ኦም ስለሆነ ስልክም ይነዳዋል፤ ቤዙ ትንሽ ወደ መብዛት ያደላል፣ ለሚያዳምጥ ሰው ያስደስታል። የሶኒ ኤምዲአር 7506 እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ስቱዲዮዎች ውስጥ አለ፤ ስህተት ለመያዝ እወደዋለሁ፣ ቤዝ ለናፈቀ ሰው ግን አልሰጠውም። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ጎኑ ክፍት ነው፤ ለሰው ድምፅ እንደሱ የምተማመንበት የለም፣ ከሥር ያለው ቤዝ ግን ቶሎ ይሳሳል። ፕላናር የሚባሉት በስስ ሽፋን የሚሠሩት ደግሞ እስከ ታች ሳይዛነፉ ይወርዳሉ፤ ይከብዳሉ፣ ዋጋቸውም ይከብዳል። ተመሳስሎ የተሠራው ከዋናው ጎን ተሰልፎ ስለሚሸጥ፣ የትኛውንም ስትገዙ የራሳችሁን ቅጂ ይዛችሁ ሄዳችሁ ስሙ።

ቤዝ መውደድ ጥፋት አይደለም። ሐርማን ኩባንያ ውስጥ ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ ብዙ ሰው አሰምተው ሲያጠኑ፣ አብዛኛው ሰው የመረጠው ከ100 ሄርዝ በታች ያለው በመጠኑ ከፍ ያለበትን ድምፅ ነው። በመጠኑ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ኢኳላይዘር ላይ ቤዙን በ6 ዲሲቤል ስታነሱ ሄድፎኑን አራት እጥፍ ኃይል ጠየቃችሁት ማለት ነው፤ አጠቃላይ ድምፁን በዚያው ልክ ካላወረዳችሁ ይሰነጠቃል። ጆሮም ይሰነጠቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በ80 ዲሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ 90 ላይ ሲደርስ 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። የእኔ እንጀራ ጆሮዬ ስለሆነ፣ ከሙያ ጓደኞቼ መካከል ማታ ማታ ጆሯቸው የሚጮህባቸውን ሳይ እፈራለሁ። ወጣቶቹን ስለዚህ ስነግራቸው ልመናም ጭምር ነው።

ወደ መምህሩ ልመለስ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ሻይ አስመጥቼ፣ ሚክሱን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ያንን ሄድፎን አስቀምጬ የድሮውን አነሳሁ። ከበገናው ላይ የቆረጥኩትን መለስኩ፤ ምንም ሳልጨምር፣ ሲደረደር ማይኩ እንደሰማው ተውኩት። ከዚያ «መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይስሙት» ብዬ ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ፊታቸው አልተፈታም። መነጽራቸውን አየሁት፤ ክፈፉ ስፖንጁን አንሥቶታል። «ይቅርታ፣ መነጽርዎን ያውልቁልኝ» አልኩና ሄድፎኑን እንደገና አስተካከልኩት።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የግራ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ሁለተኛው መዝሙር ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸው ቆመ፣ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። «መልሰው» አሉኝ። መለስኩት። «አንድ ጊዜ ደግሞ።» ደግሜ መለስኩት።

«ይቺ ወፍራሟ አውታር ላልታለች» አሉ። «ስደረድር አላወቅኋትም፤ አንተም አልሰማሃትም።»

እውነታቸውን ነበር። በዚያ ሌሊት በዚያ ሄድፎን ሃያ ጊዜ ሰምቻት በጉምጉምታው ውስጥ ተሸሽጋ አልፋኛለች። መነጽራቸውን አድርገው በገናቸውን ከልብሱ አወጡና መቃኘት ጀመሩ። እኔም ማይኩን ለመትከል ተነሣሁ።