ከኬክ በፊት ዳቦ ቆሎ

ጋገራን የማይደፍር ወላጅ ከትንሽ ልጁ ጋር ለመጋገር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ኬክ ነው፤ ልጁ የሚወደው እሱን ስለሆነ ምርጫው አያስገርምም፤ በሙያው ዓይን ሲታይ ግን ለጀማሪ ከሚያስቸግሩት አንዱን መምረጥ ነው። ኬክ የሚነሣው ከእንቁላልና ከቅቤ ጋር በተመታው አየር፣ እንዲሁም ቤኪንግ ፓውደር የተባለው ማስነሻ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ በሚለቀው ጋዝ በመሆኑ፣ ሊጡ ከልክ በላይ ከተማሰለ ይጠነክራል፣ ሳይበስል ኦቭኑ ከተከፈተም መሐሉ ይሰጥማል፤ የሰጠመ ኬክ ደግሞ ዳግመኛ አይነሣም። ድሮም ቢሆን ጋገራ አልችልም ለሚል ወላጅ፣ በልጁ ፊት የሰጠመ ኬክ የመጨረሻ ሙከራው ሆኖ ሊቀር ይችላል።

በዴን ሃግ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የተሻለው መነሻ ከአገር ቤት የሚያውቁት ዳቦ ቆሎ ነው። ዳቦ ቆሎ እርሾ አይፈልግም፣ እንቁላል አይገባበትም፣ እንዲነፋም አይጠበቅበትም፤ የሚበስለው ከትንንሾቹ የሊጥ ቁራጮች ውስጥ ውሃው በሙቀት ተንኖ ሲወጣ፣ ማለትም በመድረቅ ነው። መድረቅ ተቋርጦ ሊቀጥል የሚችል ነገር ስለሆነ፣ ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ መሐሉ ለስላሳ ሆኖ የተገኘ ዳቦ ቆሎ ለአምስት ወይም ለዐሥር ደቂቃ ወደ ኦቭን ቢመለስ ይስተካከላል። አንዱ ቁራጭ ቢተልቅ፣ ሌላው ቢጣመም፣ ጥቂቱ ከሌላው ይልቅ ቢጠቁር ማንም ልብ አይለውም፤ በጋገራ ውስጥ ስሕተትን እንዲህ የሚታገሥ ነገር ጥቂት ነው።

የወላጁ ፍርሃት ከጋገራው ብቻ የሚመነጭ አለመሆኑም ሊታሰብበት ይገባል። ልጁ የደች ቋንቋን ከወላጁ ቀድሞ በሚያቀላጥፍበት ቤት ውስጥ፣ በደች የተጻፈ የኬክ አሠራር ከፊት ዘርግቶ መጋገር ልጁን አስተርጓሚ፣ ወላጁን ተከታይ ያደርገዋል፤ ይህም ከትምህርት ቤት በሚመጡ ደብዳቤዎችና በየመሥሪያ ቤቱ በሚሞሉ ቅጾች ምክንያት ቀድሞውኑ የተለመደ ሁኔታ ነው። ዳቦ ቆሎ ሲሠራ ግን ወላጁ ወረቀት ሳያይ፣ እናቱ ወይም አያቱ ሲሠሩት ያየውን ይዞ ‹‹ጨምር፣ ለውስ፣ እሽ፣ አሁን ሸፍነው›› እያለ ይመራል፤ ልጁም በሌላ ቦታ እምብዛም የማይሰማቸውን የአማርኛ ግሦች በእጁ እየሠራ ይማራቸዋል። የጋገራው ትልቁ ጥቅም ያለው በዚህ ላይ ነው።

ለአንድ ወላጅና ለአንድ ልጅ 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ፣ እንዲሁም 100 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል፤ በርበሬ ከተፈለገ ሊጡ ለሁለት ተከፍሎ የልጁ ድርሻ ሳይነካ ለወላጁ ብቻ ይጨመራል። ውሃው በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ፣ ሊጡ ከጎድጓዳ ሳህኑ ጎን ለቅቆ አንድ ላይ ሲሰበሰብና ጣት ላይ መጣበቁን ሲተው ማቆም ነው። አምስት ደቂቃ ከታሸ በኋላ ተሸፍኖ ለሩብ ሰዓት ማረፉ የግድ ነው፤ ምክንያቱም ግሉተን የተባለው፣ ሊጥን አያይዞ የሚይዘው የስንዴ ፕሮቲን ሲታሽ ስለሚወጠር፣ ያላረፈ ሊጥ በትንሽ እጅ ተድቦልቡሎ በረዘመ ቁጥር ወደ ኋላ እየተሰበሰበ ልጁን ያስመርረዋል። ያረፈው ሊጥ በልጁ ጣት ውፍረት እየተድቦለቦለ ይረዝማል፤ ከዚያም በቅቤ መቀቢያ ቢላዋ እየተቆረጠ፣ የመጋገሪያ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ ሳይደራረብ ይበተናል።

ዱቄት ሲገዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታርወብሉም የሚባለው ተራ የስንዴ ዱቄት ሲሆን፣ ዘልፍራይዘንድ ባክሜል የሚባለው ደግሞ ማስነሻ አስቀድሞ የተቀላቀለበት ነው፤ በኔዘርላንድ ሱቆች ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚገኙ ማምታታት ቀላል ነው። በሁለተኛው የተሠራ ዳቦ ቆሎ ይነፋል፣ ይፈረፈራልም፤ ቢሆንም ይበላል።

ኦቭኑም ማብራሪያ ይሻል። በብዙ የኔዘርላንድ ቤቶች ያለው ኮምቢማግኔትሮን፣ ማለትም ማይክሮዌቭንና ኦቭንን በአንድ ሳጥን ያዋሐደ ዕቃ ሲሆን፣ ማይክሮዌቩ በሊጡ ውስጥ ያለውን ውሃ ከማሞቅ አልፎ ውጩን አያጠብስም፤ ከዕቃው ጋር ካልመጣ በቀር የብረት ትሪም አይገባበትም። ስለዚህ የማራገቢያ ምልክት ያለበት የሙቅ አየር አሠራር ብቻ ተመርጦ በ160 ዲግሪ፣ ማራገቢያ በሌለው ኦቭን ከሆነ በ180 ዲግሪ አስቀድሞ ይጋላል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጋገራል፤ በመሐሉም ትሪው አንዴ ወጥቶ ይታመሳል፤ ይህ ሥራ የወላጅ ብቻ ነው።

ልጁ ምን ይሥራ የሚለው በዕድሜው ይወሰናል። የሦስት ዓመት ልጅ የተመዘነውን ይገለብጣል፣ ይለውሳል፤ የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ያድቦለቡላል፣ ይቆርጣል። ጥሬ ዱቄት በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ስለሚችል ሊጡ አይቀመስም፣ እጅም በኋላ በሳሙና ይታጠባል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ትንሽና ደረቅ ምግብ የሕፃናትን ጉሮሮ ሊዘጋ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከዚያው ሊጥ ላይ ተቆርሶ ስስ ቂጣ በመጥበሻ ቢጋገርለትና ለስላሳውን ቢበላ ይሻላል።

በዳቦ ቆሎ የሠለጠነ እጅ የኔዘርላንድንም ጋገራ አይፈራም። የኔዘርላንድ ልጆች ሲንተርክላስ ብለው የሚያከብሩት የቅዱስ ኒኮላስ በዓል ዋዜማ በዲሴምበር 5 ሲውል የሚበተነው ክራውድኖተን፣ ልክ እንደ ዳቦ ቆሎ በእፍኝ የሚበላ ትንሽ ብስኩት ነው፤ በስሕተት የተገዛው ዘልፍራይዘንድ ባክሜልም ቦታው እዚህ ነው። 250 ግራም ከዚህ ዱቄት፣ 125 ግራም ቡናማ ስኳር፣ 100 ግራም ቅቤ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቅመምና ጥቂት ማንኪያ ወተት ተለውሶ፣ በትንንሹ ተድቦልቡሎ በዚያው ሙቀት ሩብ ሰዓት ያህል ይጋገራል። ቅመሙ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብልና ገውዝ ያለበት በመሆኑ ለኢትዮጵያዊ አፍንጫ እንግዳ አይሆንም። በብዙ ትምህርት ቤቶች ረቡዕ ከቀትር በኋላ ትምህርት የለም፤ በስኂልደርስዋይክና በትራንስቫል ሰፈሮች መካከል ያለው ትልቁ የሃግ ገበያም ረቡዕ ክፍት ስለሆነ፣ ቅመሙን ከልጁ ጋር አሽትቶ መግዛት ይቻላል።

በዳቦ ቆሎው ላይ ጤፍ መጨመር የሚወድ ከዱቄቱ ሩቡን በጤፍ ይተካ፤ ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ከዚያ በላይ ሲሆን ሊጡ ሲድቦለቦል ይበጣጠሳል። በዚህች ከተማ ስለ ጤፍ ዱቄት ለልጅ ሊነገር የሚገባው ነገርም አለ፤ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የያዘውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 በኔዘርላንድ ውስጥ ዋጋ እንዳይኖረው የወሰነው የዴን ሃግ ፍርድ ቤት ነው፤ ምክንያቱም አዲስ የፈጠራ ርምጃ አልተገኘበትም የሚል ነበር። የኢትዮጵያ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ያቦኩትን ዱቄት በሚመለከት የተሰጠ ይህ ውሳኔ በየቤቱ መታወቅ አለበት።

በእርሾ የሚነሣው ሙልሙል ከዚህ በኋላ ይመጣል። ለ500 ግራም ዱቄት 7 ግራም ደረቅ እርሾ የሚበቃ ሲሆን፣ እርሾ በብርድ ስለሚዘገይ በታኅሣሥ የሚያስቸግረው ሊጥ በቡሄ ሰሞን ይቀናል። ቡሄ ነሐሴ 13፣ ማለትም ኦገስት 19 የሚውል በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው በትምህርት ቤቶች የበጋ ዕረፍት ውስጥ ነው። በኔዘርላንድ የቡሄን በዓል የሚያሰናዱ አጥቢያዎችና ማኅበራት ሙልሙሉን ጋግረው ከማምጣት ይልቅ የተቦካውን ሊጥ ቢያመጡና ማድቦልቦሉን ሆያ ሆዬ ለሚሉት ልጆችና ለወላጆቻቸው ቢተዉላቸው መልካም ነው።