የባሕር ላይ ሠራተኞችና በዕረፍት ሰዓት ዓሣ ማጥመድ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

የመሥሪያ ቤት ሥራ ያለው ሰው ሁሉ የዕረፍትን ሰዓት ጣዕም ያውቀዋል። የመውጫው ሰዓት ሲደርስ ፋይሉን ዘግቶ፥ መሳቢያውን ቈልፎ፥ ካፖርቱን ደርቦ ሲወጣ ሥራው ከኋላው ይቀራል። ወደ ቤቱ ቢሄድ፥ ወዳጁን ቢጠይቅ፥ ሻይ ቤት ተቀምጦ ጋዜጣውን ቢያነብ የሚከለክለው የለም። ነገር ግን ሥራውን ሲጨርስ ከሥራው ስፍራ ለመውጣት የማይቻለው፥ የሚበላውም፥ የሚያርፈውም፥ የሚተኛውም በዚያው በሥራው ላይ የሆነ ሠራተኛ በዓለም ላይ ብዙ ነው። ከነዚህም አንዱ ከባሕር ወለል በታች ነዳጅ የሚያወጣው ሰው ነው። በዛሬው ንግግራችን ይህ ሰው በዕረፍቱ ሰዓት ከሚወዳቸው ነገሮች አንዱን፥ ይኸውም ታላላቅ ዓሦችን ማጥመድን እንመለከታለን። ምሳሌ የምናደርገውም በአሜሪካ ደቡብ ያለውን የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

በ1947 ዓ.ም. ከር ማጊ የተባለው ኩባንያ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ከሉዊዚያና ጠረፍ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ የብስ ከዓይን በተሰወረበት ስፍራ ነዳጅ አወጣ። በዚያ ስፍራ የነበረው ውኃ ጥልቀቱ 6 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመሐንዲሶች ጥበብ እየገፋ ሄዶ በ1988 ሼል የተባለው ኩባንያ ቡልዊንክል የተሰኘውን መድረክ 412 ሜትር በሚጠልቅ ውኃ ውስጥ በብረት እግሮች አቆመ። ዛሬ ደግሞ ጥልቀቱ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ባሕር ላይ ከወለሉ ጋር የታሰሩ ተንሳፋፊ መድረኮች ይሠራሉ።

ወደ እነዚህ መድረኮች የሚሄደው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚጓዘው በሄሊኮፕተር ነው። የተለመደው ደንብ 14 ቀን በባሕር ላይ ሠርቶ 14 ቀን በቤቱ ማረፍ ነው። በባሕር ላይ ሳለ በቀን 12 ሰዓት ይሠራል፤ እርሱ ሲያበቃ ተለዋጩ ይተካዋል፤ መሣሪያው ሌሊትም ቀንም አይቆምም። ከቀሩት 12 ሰዓቶች ለእንቅልፍ፥ ለምግብና ለመታጠብ የሚያስፈልገው ሲቀነስ በእጁ የሚቀረው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነው። በዚያች ጊዜ የሚሄድበት መንገድ፥ የሚጠይቀው ጎረቤት የለውም፤ የአልኮል መጠጥም በመድረኩ ላይ ክልክል ነው። ቢመለከት ዙሪያው ውኃ ነው። ከእግሩ በታች ያለው ውኃ ግን ባዶ አይደለም።

የዚህ ባሕረ ሰላጤ ወለል በአመዛኙ ጭቃና አሸዋ ነው። ብዙዎች የባሕር ፍጥረቶች ግን ተጣብቀው የሚኖሩበት ጠንካራ ነገር ይሻሉ። ስለዚህ የመድረኩ የብረት እግሮች ከተተከሉ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ዛጐል ለበስ ነፍሳት፥ ስፖንጅና የባሕር ሣር ያለብሷቸዋል። ይህን የሚመገቡና በመካከሉ የሚሸሸጉ ትናንሽ ዓሦች ይመጣሉ፤ ትናንሾቹን የሚበሉ ትልልቆች ይከተላሉ። ከታች ወደ ወለሉ ቀይ ስናፐር፥ ከፍ ብሎ አምበርጃክና ባራኩዳ ይኖራሉ። ጥልቅ በሆነው ውኃ ላይ ደግሞ ባለ ቢጫ ክንፍ ቱና፥ ሻርክ፥ አልፎ አልፎም ረጅም አፉ እንደ ጦር የሾለው ማርሊን በዙሪያው ያንዣብባል። በክረምት መግቢያ በከተማችን የመንገድ መብራት አሸን እንደሚሰበስብ ሁሉ፥ ሌሊት የመድረኩ መብራት ስኩዊድና በራሪ ዓሣ ወደ ብርሃኑ ይስባል፤ ቱናውም ከብርሃኑና ከጨለማው ድንበር ላይ ሆኖ ያድናቸዋል። የሌሊቱን ተራ ጨርሶ ለወጣው ሠራተኛ ይህን ከመድረኩ አጥር ሆኖ ማየት ብቻውን ታላቅ ትርኢት ነው።

በአገራችን ሐይቆች ቆሮሶና አምባዛ ሲጠመድ ያየ ሰው፥ በጫሞ ሐይቅ የሚገኘውንም ትልቅ ነጭ ዓሣ የሚያውቅ ቢሆን፥ የባሕሩን ዓሣ ኃይል ለመገመት ጥቂት ይቸገራል። ቱና 90 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። በ1992 በብራዚል ጠረፍ፥ በቪቶሪያ በኩል በመንጠቆ የተያዘው ሰማያዊ ማርሊን 636 ኪሎ መዝኗል። ከዚያም በፊት፥ በ1953 ኦገስት 4 ቀን፥ አልፍሬድ ግላሰል የተባለ በነዳጅ ሥራ የታወቀ አሜሪካዊ ከፔሩ ጠረፍ፥ ካቦ ብላንኮ ከተባለው ስፍራ 707 ኪሎ የሚመዝን ጥቁር ማርሊን ይዟል፤ ይህም ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ አልተሻረም። ይህ ዓሣ ከውኃው እየዘለለ ሲወራጭ የተነሣው ፊልም፥ በሄሚንግዌይ መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ በ1958 ለሕዝብ በታየው «ሽማግሌውና ባሕሩ» በተባለው የሲኒማ ሥራ ውስጥ ገብቷል።

ነገር ግን ግላሰል በጀልባ ላይ ነበረ። በጀልባ የሚያጠምድ ሰው ዓሣው ሲሸሽ ይከተለዋል፤ ሲዞር አብሮት ይዞራል። መድረክ ግን ከቆመበት አይነቃነቅም። አጥማጁ ያለው ዘንጉ፥ ክሩና የክሩ ማጠንጠኛ ብቻ ነው። በማጠንጠኛው ውስጥ ፍሬን አለ፤ ዓሣው ከልክ በላይ ሲጐትት ይህ ፍሬን ክሩን እያላላ ይለቅለታል። የሚጠነክረውም ክሩ ሊበጠስ ከሚችልበት ኃይል ሩብ ወይም ሢሶ ያህል ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ ለምሳሌ 36 ኪሎ የሚችል ክር ፍሬኑ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ላይ ይስተካከላል። ከዚህ በላይ ያጠበቀ ሰው ዓሣውንም ክሩንም ያጣል። ዓሣው ወደ ሰፊው ባሕር ቢሮጥ እስኪደክም መታገሥ ይቻላል፤ ወደ መድረኩ እግሮች ከዞረ ግን በብረቱ ላይ ያለው ዛጐል ክሩን እንደ ምላጭ ይቈርጠዋል። ቢሸነፍም እንኳ ነገሩ ገና አላለቀም፤ የመድረኩ ወለል ከውኃው ብዙ ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ከባዱን ዓሣ በክር ብቻ ማንሣት አይቻልም፤ በገመድ የሚወርድ መረብ ወይም ሜንጦና የጓደኛ ክንድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ አባቶቻችን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ያሉት በዚህ ስፍራ እውነት ሆኖ ይታያል። አጥማጁ የቆመው በነዳጅና በጋዝ ቧንቧ፥ በክሬንና በከባድ መሣሪያ መካከል ነው። የተወጠረ ክር ሲበጠስ እርሳሱና መንጠቆው እንደ ጥይት ወደ ኋላ ይመለሳል። ክር በእጁ የጠቀለለ ሰው በአንድ ትልቅ ዓሣ ጒተታ ጣቱን ሊያጣ፥ ወይም ከአጥሩ በላይ ሊወረወር ይችላል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ኩባንያዎች በመድረኮቻቸው ላይ ዓሣ ማጥመድን ፈጽሞ ይከለክላሉ፤ የሚፈቅዱትም በደንብ ነው። ሰው ብቻውን አያጠምድም፤ በተወሰነለት ስፍራ ይቆማል፤ ክሬን ዕቃ ሲያነሣ፥ ዕቃ ጫኝ ጀልባ ሲጠጋ፥ ወይም ጠላቂ ዋናተኛ በውኃ ውስጥ ሲኖር ክሩን ይሰበስባል።

ከደንቦቹ ሁሉ የሚከብደው ግን የሰዓት ደንብ ነው። ትልቅ ዓሣ መንጠቆ ከያዘ በኋላ ትግሉ አንድ ሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ዓሣው ደግሞ የተራ መለወጫውን ሰዓት አይጠብቅም። በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚያገኘው ማርሊን በክሩ ጫፍ ሳለ የሥራው ሰዓት ቢደርስበት ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ከላይ ያለው ጓደኛው 12 ሰዓት ሙሉ ሠርቶ፥ ዓይኑ ቀልቶ፥ የሚተካውን ሰው ይጠብቃል። እንቅልፉን ሠውቶ ሲታገል ያደረ ሰው ደግሞ በሰዓቱ ቢደርስም እንኳ፥ የዛሉ እጆቹንና የደነዘዘ አእምሮውን ይዞ ወደ ቁጥጥሩ መሣሪያ ይቀርባል፤ በዚያም አንዲት ስሕተት የሁሉም ሕይወት ናት። ስለዚህ የባሕር ላይ ጨዋ አጥማጅ በኪሱ ቢላዋ ይይዛል፤ ቢላዋውም ክሩን በጊዜው ለመቍረጥ ነው።

ዓሣው ከተያዘ በኋላም ጥንቃቄ አይቀርም። «ዓሣ መብላት በብልሃት» እንደ ተባለ፥ ቱና ከሌሎች ዓሦች የሚለይበት ጠባይ አለው፤ የሰውነቱን ሙቀት ይዞ የሚያቆይ ዓሣ ነው፤ ሲታገልም ሙቀቱ ይጨምራል። ወዲያው ደሙ ፈስሶ በበረዶ ካልቀዘቀዘ ባክቴሪያ በሥጋው ውስጥ ሂስታሚን የተባለውን ነገር ያበዛል። ይህም ፊት ያቀላል፥ ራስ ያሳምማል፥ ልብ ያስመታል፥ ሆድ ይቈርጣል። መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያጠፋውም። ከሐኪም ቤት በብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ መድረክ ላይ አንድ ቸልተኛ አጥማጅ የሠራተኛውን ሁሉ ገበታ ሊመርዝ ይችላል ማለት ነው።

የማይበላው ወይም ሕግ የማይፈቅደው ዓሣ ደግሞ በሕይወት መመለስ አለበት። ቀይ ስናፐር ከ50 ዓመት በላይ የሚኖር ዓሣ ነው፤ ሆኖም በ1980ዎቹ መጨረሻ ከልክ በላይ እንደ ተጠመደ ስለ ታወቀ፥ የአሜሪካ መንግሥት የወቅት፥ የመጠንና የቍጥር ገደብ አድርጎበታል። ይህ ዓሣ ከጥልቅ ውኃ በፍጥነት ሲወጣ በሆዱ ያለው የአየር ከረጢት ይነፋል፤ ጨጓራውም በአፉ ይወጣል። እንዲሁ ከላይ ቢወረውሩት ወደ ጥልቁ ለመመለስ አቅቶት ተንሳፎ ይሞታል። ሊያድነው የሚሻ አጥማጅ ክብደት ባለው መሣሪያ አስሮ ወደ ጥልቁ ያወርደውና እዚያ ይለቀዋል።

በመጨረሻም የመድረኩን የራሱን ዕድሜ ማስታወስ ይገባል። ነዳጁ አልቆ የኪራዩ ውል ሲያበቃ፥ ኩባንያው መድረኩን በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያነሣ የአሜሪካ ሕግ ያዛል። ቀድሞ በባሕረ ሰላጤው ወደ 4,000 የሚጠጋ መድረክ ነበረ፤ ዛሬ ከ2,000 በታች ሆኗል። ብረቱ ሲነቀል በዙሪያው የተሰበሰበው ሕይወት ሁሉ ቤቱን ያጣል። በዚህ ምክንያት በ1984 አንድ የፌዴራል ሕግ ወጣ፤ ሉዊዚያናም በ1986 ያረጁ መድረኮች በባሕሩ ወለል ላይ ተጋድመው ለዓሣ መኖሪያ እንዲቀሩ የሚያስችል ዕቅድ አቋቋመች። በዚህ ዓይነት ከ500 የሚበልጡ መድረኮች የዓሣ መጠለያ ሆነዋል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ሥራና ዕረፍት በአንድ ወለል ላይ በሚኖሩበት ስፍራ፥ የዕረፍቱ ደስታ የሚጸናው የሥራው ደንብ ሲጠበቅ ነው። ዓሣው የመጣው ለሥራ በተተከለው ብረት ምክንያት ነው፤ አጥማጁም በዚያ ለመቆም የቻለው ለሥራ ስለ ተላከ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ እያዘነም ቢሆን ክሩን ቈርጦ፥ የሚጠብቀውን ጓደኛውን ለመተካት ደረጃውን የሚወጣ ሠራተኛ ዓሣውን ቢያጣም፥ ጓደኛው ግን በሰላም ወደ መኝታው ይሄዳል። ማርሊኑም ወደ ጥልቁ ይመለሳል፤ ነገም ሌላ የዕረፍት ሰዓት አለ።